ቀላል ናት ብዬ የመረጥኳት ሶፍትዌር

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አልነበርኩም። ላሊበላ ውስጥ ስንት ዓመት ሳይንስ ሳስተምር፣ ጥላ ተከተለኝ፣ ማታ ስሜን የሚጠራ ሰማሁ የሚል ሰው ሲገጥመኝ "ራት በልተህ ነበር?" እያልኩ የማሾፍ ነበርኩ፣ ደግሞ ልብ ብላችሁ ከሆነ የዚህ ዓይነት ወሬ ሁሉ የሚሆነው በሌሊት ነው፣ ሰው እንቅልፍ እንቅልፍ ሲለው ምን የማያየው አለ? የእኔ ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ በሐምሌ ጭጋግ፣ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ የሆነ ነው፣ እመኑኝ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ በማንም ላይ አሹፌ አላውቅም።

ነገሩ የሚጀምረው ከካሜራ ነው። ሚሌኒየሙን ባከበርን በዓመቱ ግድም አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ አንዲት ትንሽ ዲጂታል ካሜራ ላከልኝ፣ ፎቶ አንሺ ነኝ ማለቴ አይደለም፣ የማኅበር ጉዞ ሲኖር፣ የጎረቤት ልጅ ክርስትና ሲነሳ አንዳንድ የማነሳ፣ የማነሳውም ወይ ጨልሞ፣ ወይ ተንጋዶ፣ ወይ የሰው ዓይን እንደ ፍም ቀልቶ የሚወጣብኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ማስተካከያ ያስፈልገኝ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰይድ ጋ እሄዳለሁ፣ ሰይድ ከወልዲያ መጥቶ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሱቅ የከፈተ ወዳጄ ነው፣ ኮምፒውተሩ ላይ የፎቶ ማስተካከያ ሦስት ዓይነት ነበረው። አንደኛው በሲዲ ተገልብጦ የመጣው ትልቁ፣ ባለሙያዎቹ የሚሠሩበት ነው፣ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሻይ ጠጥታችሁ ትመለሳላችሁ፣ ሲከፈትም የምልክቱ መዓት፣ እኔማ ፎቶ ማስተካከሉ ይቅርና መዝጊያውን ፈልጌ ያጣሁበት ቀን አለ። ሁለተኛው ከካሜራዬ ጋር የመጣው፣ ፎቶ ከማዞርና የቀላ ዓይን ከማጥቆር ሌላ ምንም የማያውቅ። ሦስተኛዋ ደግሞ ማን እንደጫናት ሰይድ ራሱ የማያውቃት ትንሽዬ ነገር ናት፣ መቁረጫ አላት፣ ማብሪያ አላት፣ ከአንዱ ቦታ ቀድታ ሌላው ላይ የምትለጥፍ ብሩሽ አላት፣ ስትሳሳቱ የምትመልሳችሁ የኋሊት ቀስት አለቻት፣ አለቀ።

"ላንተ ይቺ ናት" አለኝ ሰይድ፣ "ላስቀምጥ ወይ፣ በምን ስም ላስቀምጥ እያለች አታደርቅህም፣ ራሷ ታስቀምጠዋለች፣ ወላሂ ቀላል ናት።"

እኔም ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም ብዬ መረጥኳት፣ ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነው የሄድኩት።

በዚያው ክረምት ጎረቤቴ እትዬ አስካለ አረፉ። ጠዋት አንድያ ልጃቸው ሞላ ዓይኑ አብጦ እቤቴ መጣ፣ ለለቅሶው የሚይዘው የእናቱ ፎቶ የለውም፣ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ ያለችውን ጉርድ ፎቶ ማህተሙ ግማሽ ፊታቸውን በልቶታል፣ በደንብ የተነሱት ፎቶ ቢኖር ይምርሐነ ክርስቶስ ለንግሥ የሄድን ጊዜ እኔ ያነሳኋቸው ብቻ ነው።

"መምህር፣ ይቺን ብቻ ያድርሱልኝ" አለኝ፣ "እናቴ ፊቷ ሳይታይ፣ እንደ ባይተዋር እንዳትቀበርብኝ።"

እዚህ ላይ፣ ይምርሐነ ስላችሁ "አሃ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው አፅም ነው" ያላችሁ ትኖራላችሁ፣ አይደለም፣ ፎቶው የተነሳው ታች ጽዱ ሥር፣ በቅሎ የሚታሰርበት ጋ ነው፣ አፅሙን እንዳትወቅሱት።

ችግሩ እትዬ አስካለ በፎቶው ላይ ብቻቸውን አለመሆናቸው ነው። አጠገባቸው እትዬ የሺ አሉ። እትዬ የሺ በከተማችን የታወቁ አልቃሽ ናቸው፣ እሳቸው ሙሾ ያላወረዱበት ለቅሶ ለቅሶ አይባልም፣ ከእትዬ አስካለ ጋር ደግሞ ከልጅነታቸው ጀምሮ የማይነጣጠሉ፣ ገበያ አብረው፣ ቤተ ክርስቲያን አብረው፣ አንዷ ጉንፋን ሲይዛት ሌላዋ ታስላለች እየተባለ የሚቀለድባቸው ናቸው። በፎቶው ላይ እትዬ የሺ ክንዳቸውን በጓደኛቸው አንገት ላይ ጥለው፣ ጉንጭ ለጉንጭ ተጣብቀው ቆመዋል። መቼም ታውቃላችሁ፣ በሕይወት ያለ ሰው ያለበት ፎቶ ለለቅሶ አይያዝም፣ ሟርት ነው፣ ስለዚህ ሞላ "እትዬ የሺን አውጥተው ነው" አለኝ። በመቁረጫው ብቆርጠው ደግሞ ጉንጫቸው ስለተጣበቀ የእትዬ የሺ ግማሽ ፊት እዚያው ይቀራል፣ ያለው መላ ከኋላ ካለው የጽድ ቅጠል እየቀዱ እትዬ የሺ ላይ መለጠፍ ነው። ፎቶውም ያለው ሰይድ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው፣ ካሜራዬ ብዙ ስለማትይዝ እዚያ እየገለበጥኩ አጸዳታለሁ።

ሱቁ ስደርስ ሰይድ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጥሎ ሊወጣ ሲል አገኘሁት። መብራት በፈረቃ ነበር፣ ደግነቱ ያን ቀን ተራው የእኛ ነው።

"በለቅሶ ሰዓት ሱቄ ተከፍቶ ከታየ እድሩ አይምረኝም" አለኝ፣ "በሩ ደግሞ ከውጭ ካልተቆለፈ አይገጥምም፣ ቆልፌብህ ልሂድ፣ ስትጨርስ ደውልልኝ፣ መጥቼ አትምልሃለሁ።"

"እንዳትረሳኝ ብቻ።"

"አብሽር!" ብሎ የቆርቆሮውን በር ገጠመው፣ ቁልፉ ቀጭ ሲል ሰማሁ።

ሱቁ መስኮት የለውም። ከጀርባው ያለው ሜዳ ላይ ነው ለቅሶው የቆመው፣ ስለዚህ ምንም ባላይም ሁሉን እሰማለሁ፣ ደረት ሲመታ፣ ሰው ሲጮህ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የእትዬ የሺን ድምፅ፣

"ማለዳ ስትወጪ ምነው ሳትጠሪኝ፣
መንገዱ ጭጋግ ነው፣ ማን ነው የሚመራኝ?"

ዓይኔን ጠርጌ ሥራዬን ጀመርኩ። መጀመሪያ ከእትዬ አስካለ አንገት ላይ የእትዬ የሺን ክንድ አነሳሁ፣ ብሩሿ ታዛዥ ናት፣ አንገታቸውንና ነጠላቸውን ደህና አድርጌ ሞላሁት፣ ለጀማሪ አያስነውርም ብዬ ትንሽ ኮራ አልኩ። ወገቤን ላፍታታ ተነስቼ በበሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ፣ ጭጋግ ብቻ ነው። በዚህ መሀል የእትዬ የሺ ለቅሶ ረጋ ያለ መሰለኝ፣ ሙሾውንም ቀይረው ለማንም ሟች የሚሉትን እያሉ ነው፣ ደክሟቸው ይሆናል አልኩና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወደ ፊታቸው ሄድኩ። ከአፋቸው ጀመርኩ፣ ለምን ከአፍ እንደጀመርኩ አላውቅም። እሳቸው ውጭ "ይቺ ዓለም ጠፊ ናት፣ ቤቷም የሸ" እያሉ ነበር፣ እኔ ብሩሿን አንድ ጊዜ ሳሳርፍ ድምፃቸው እዚያችው ላይ ቀጥ አለ። ቃሉን እንኳን አልጨረሱትም። ወዲያው ሌላ ቀጭን የሴት ድምፅ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያስለቅስ የቆየ ይመስል፣ ያለምንም መደናገር ቀጠለ። ተቀባበሉ ማለት ነው አልኩ፣ አፍንጫቸውን፣ ዓይናቸውን፣ ሻሻቸውን በጽድ ቅጠል ሸፈንኩ።

ሞባይሌ ጠራ፣ ሞላ ነው።

"መምህር፣ የት ደረሰልዎ? ቀሳውስቱ እየቸኮሉ ነው።"

"ጨረስኩ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ። እትዬ የሺ ምነው ዝም አሉ፣ አመማቸው እንዴ?"

"ማን?"

"እትዬ የሺ፣ የእናትህ ጓደኛ።"

"የትኛዋ የሺ ናት መምህር?" አለኝ፣ በማሾፍ አይደለም፣ እናቱን ሊቀብር የቆመ ልጅ ምን ያሾፋል፣ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። "እናቴ የሺ የምትባል ጓደኛ የላትም፣ እኔ የሺ የሚባል ሰው እዚህ ሰፈር አላውቅም፣ ኧረ እባክዎ ይፍጠኑልኝ" ብሎ ዘጋው።

ፈራሁ፣ በቃ ፈራሁ። የኋሊት ቀስቷን ደጋግሜ ተጫንኳት፣ ሻሻቸው ተመለሰ፣ ዓይናቸው ተመለሰ፣ አፋቸው ሲመለስ ከውጭ ያ የማውቀው ድምፅ "ንበቆ" አለ። ካቋረጡበት ቃል። "ማን ይቀርላታል ዘመኑን ጠብቆ" ብለው ቤቱን ደፉት፣ መሀሉ ላይ ምንም እንዳልተፈጠረ።

እዚህ ላይ ብልህ ሰው እጁን ይሰበስብ ነበር። እኔ ግን የሳይንስ አስተማሪ ነኛ፣ ሙከራ ይደገማል እያልኩ ስንት ልጅ የገረፍኩ! አንድ ጊዜ ብቻ ልይ ብዬ ብሩሿን አፋቸው ላይ ነካ አደረግኋት፣ ድምፁ ጠፋ፣ ልመልሰው ስል መብራት ሄደ።

ሱቁ ጨለመ፣ ያለው የኮምፒውተሩ ብርሃን ብቻ ነው፣ ከጠረጴዛው ሥር መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ የሚያቆየው ባትሪ፣ ዩፒኤሱ፣ ጢ... ጢ... ማለት ጀመረ፣ እሱ ደግሞ አሮጌ ስለሆነ ብዙ እንደማያቆየኝ አውቃለሁ። ፊቴ አፍ የሌላቸው እትዬ የሺ ቆመዋል፣ ኮምፒውተሩ እንዲህ ሳሉ ቢጠፋ ምን እንደሚሆኑ ማን ይነግረኛል? ማውሱ እንቢ አለ፣ አሸሁት፣ ጢጢታው ፈጠነ፣ ቀስቷን አገኘኋትና ተጫንኩ፣ አፋቸው ተመለሰ፣ ድምፃቸውም ከውጭ ተመለሰ። እፎይ ብዬ ክንዳቸውንም ልመልስ ደግሜ ስጫን ቀስቷ ደብዝዛለች። ብጫን ብጫን አትሄድም። በቀዳዳው ሳጮልቅ በነበረበት ጊዜ ያቺ ቀላል ሶፍትዌር፣ ማንንም ሳትጠይቅ፣ ክንድ የሌለበትን ፎቶ በዋናው ላይ አስቀምጣዋለች፣ ከዚያ አልፎ ወደ ኋላ መመለስ የለም። ይህን እያየሁ ዩፒኤሱ አንድ ረጅም ድምፅ አሰምቶ ፀጥ አለ።

በሩን በቡጢ ደበደብኩት፣ ቆርቆሮው ይጮሃል፣ ማን ይስማኝ፣ ሕዝቡ አስከሬኑን ይዞ ወደ ቤተ ክርስቲያን መንገድ ጀምሯል። ሰይድ ጋ ደወልኩ፣ ይጠራል አያነሳም። በጨለማው ውስጥ ቆሜ የእትዬ የሺ ድምፅ እየራቀ ሲሄድ በሰማሁት ቁጥር ይቆማል ብዬ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ጭራሽ እማይሰማበት ሲደርስ ደግሞ ርቀው ይሁን ጠፍተው ማወቅ አልቻልኩም። ያን ያህል ታፍኜ አላውቅም፣ አልቅሻለሁ፣ ለማን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ሰይድ መጥቶ ሲከፍት ቀብሩ አልቋል።

"መብራቱ ጉድ ሠራህ አይደል? ሞላም ባዶ እጁን ቀበረ፣ አሳዘነኝ" አለኝ።

"እትዬ የሺስ?"

"ምን ሆኑ? ያውና!"

በመንገዱ ከሰው ጋር እየተመለሱ ነው፣ ደህና ናቸው፣ ሙሉ ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን ልል ስል ወሬያቸው ጆሮዬ ገባ። ዶሮዬን ፈንግል ፈጀብኝ እያሉ ነው። ዓይናቸው ላይ እንባ የለም።

"ጓደኛቸውን ቀብረው እንዲህ ..." አልኩት ሰይድን።

"ጓደኛ? አልቃሽ አይደሉ እንዴ፣ ለሁሉም ያለቅሳሉ" አለኝ።

በማግሥቱ መብራት ሲመጣ ፎቶውን ከፈትነው። ሳልመልስ የቀረሁት ክንዱን ብቻ ነው፣ ፊታቸውንማ እንደነበረ መልሼዋለሁ፣ በልጆቼ እምላለሁ። ፎቶው ላይ ግን ሁለቱ ሴቶች ወዲህና ወዲያ ተራርቀው ቆመዋል፣ መሀላቸው ጽድ አለ፣ እትዬ የሺ ወደ ሌላ ቦታ እያዩ ነው፣ መንገደኛ ይመስላሉ። "ይቺን ለመቁረጥ ነው ያን ሁሉ ሰዓት የፈጀኸው?" ብሎ ሰይድ ሳቀብኝ፣ ቀጭ አድርጎ ቆረጠና አትሞ ሰጠኝ። ሞላ መርቆኝ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ሰፈሩን ሁሉ በዘወርዋራ ጠየቅሁ፣ ሁለቱ ሰላም ከመባባል አልፈው እንደማይቀራረቡ ነው ሁሉም የሚነግረኝ፣ አንዳንዴ እኔ ራሴ ነኝ የተሳሳትኩት እላለሁ፣ ከዚያ ያቺ የመጀመሪያ ሙሾ ጆሮዬ ላይ ትመጣለች።

ለአርባው ሞላ ቤት ስገባ እትዬ የሺ ፎቶው ፊት ብቻቸውን ቆመው አገኘኋቸው።

"አንተ ነህ አሉ ያነሳሃት ልጄ?"

"አዎ እትዬ።"

"እንዲህ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፣ ጥርሷ ለካ እንዲህ ያምራል። ማን አጠገቧ ሆኖ ነው እንዲህ ያሳቃት?"

ሰይድ የቆረጠውን የፎቶውን ጠርዝ አየሁት።

"አላስታውስም እትዬ" አልኳቸው።

"የታደለች" አሉ፣ "እኔስ እንዲህ የሚያስቀኝ ጓደኛ ሳላገኝ አረጀሁ።" ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ዳሱ ወጡ።