ውሾቹ የማይጮኹበት ሰዓት

«ትናንት? ኧረ ትናንት አብረን ስናጠና አምሽተን በጊዜ ነው የተኛነው ኮች» አለች ማርያማዊት። ዓይኗን በጨው አጥባ ነው የዋሸችው፤ ብልጭ እንኳ አላለች።

አሠልጣኝ ዳኛቸው በእጃቸው የያዙትን ሰዓት አዩ። ሠርካለም ሜዳው ዳር ተቀምጣ የጫማዋን ማሰሪያ ትፈታለች። ማሰሪያው መፈታት አልነበረበትም፤ ቀና ብሎ እሳቸውን ከማየት ግን ይሻላል።

«በጥቅምት አንድ ሺህ አምስት መቶውን በአራት ደቂቃ ከሃምሳ ሁለት ገብተሻል» አሉ፣ ወደ ሠርካለም ዞረው። «ዛሬ አምስት ከሦስት። ወይ አልሠራሽም፣ ወይ ከልክ በላይ ሠርተሻል። የቱ ነው?»

«እሠራለሁ ኮች።»

«ለዞኑ ምርጫ የቀረን ሦስት ሳምንት ነው። የተጎዳ ሰው ይዤ አልሄድም። እግርሽን ያምሻል?»

«አያመኝም።»

ይህኛው ደግሞ የራሷ ውሸት ነው። የግራ ቅልጥሟ ካመማት ቆይቷል። መጀመሪያ ስትሮጥ ብቻ ነበር፤ አሁን ደረጃ ስትወጣም፣ ክፍል ውስጥ ስትቀመጥም ይጠዘጥዛታል። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከተናገረች ከዝርዝሩ እንደምትሰረዝ ታውቃለች፤ ከተሰረዘች ደግሞ ዓመቱ በሙሉ ከንቱ ሊሆን ነው።

ሠርካለም ዕድሜዋ ዐሥራ አምስት ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል። አገሯ ጉና ተራራ ሥር ስለሆነ ደብረ ታቦር ላይ ከማርያማዊት ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ በገበያተኛ ስንቅ ይልኩላታል። የሩጫ ልምምዱ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ማለዳ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ኮች ዳኛቸው ከዚያ ውጪ እንዳይሮጡ አስጠንቅቀዋቸዋል። ነገር ግን በጥቅምት መጨረሻ አንዲት የሐሙሲት ልጅ በሁለት ሰኮንድ ቀደመቻት፤ ሠርካለምም ያን ቀን እንቅልፍ አጣች። በማግሥቱ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ተነሥታ ወደ ጋሳይ በሚወስደው አስፋልት ሮጠች። በሚቀጥለውም ቀን፣ በሚቀጥለውም። ሰዓቷ እየዘገየ ሲሄድ የምሳ ሰዓት ገመድ ዝላይ ጨመረች። አሁንም ሲዘገይ ከመኝታ በፊት ቁጭ ብድግ ጨመረች። እሁድ የለ፣ በዓል የለ። እንዲያውም በበዓል ትምህርት ስለሌለ ሁለት ጊዜ ትሮጣለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ማርያማዊት መንገዱን ሁሉ አልተናገረችም። በራቸው ላይ ሲደርሱ ግን አልቻለችም።

«ሁለተኛ ለአንቺ ብዬ አልዋሽም፣ እሺ? ውኃውን እኔ እቀዳለሁ፣ ሽሮውን እኔ እሠራለሁ፤ እሱን ተይው። ክፍል ውስጥ ተኝተሽ ስታንኮራፊ በክርን የምጎሽምሽም እኔ ነኝ። እሱንም ተይው። በዚያ ጨለማ ውሻ ቢበላሽ ግን ለአባትሽ ምን እላቸዋለሁ?»

«ውሾቹ ለምደውኛል። ሲያዩኝ እኮ አይጮኹም።»

«አቦ አትቀልጂ።»

«እውነቴን ነው። ሯጭ ያውቃሉ።»

ማርያማዊት ሳቋ መጣ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማሽም? ይሄን ለሯጭ መንገር አይገባኝም ነበር።»

የውሾቹ ነገር እርግጥም ያስገርም ነበር። መጀመሪያ ሰሞን፣ እህል መጋዘኑ አጠገብ አንድ ቡናማ ውሻ አባሯት፣ ድንጋይ ወርውራ አምልጣለች። ከዚያ ወዲህ አንድም ውሻ አልተተናኮላትም። የነቢያት ጾም ከገባ ጀምሮ ልኳንዳዎቹ ተዘግተዋል፤ አጥንት ያጡት የከተማው ውሾች በቀን እንኳ ሰው አላሳልፍ ብለዋል። ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ ግን መንገዱ ጭር ነው። ሠርካለም ይህን እንደ ክብር ቆጥራዋለች። በልቧም ትንሽ ኮርታበታለች።

ቅዳሜ ሌሊት እንደ ልማዷ ወጣች። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። መጋዘኑን አለፈች፣ ወፍጮ ቤቱን አለፈች፣ አቀበቱን ጀመረች። ሁልጊዜ ድልድዩ ድረስ ሄዳ ነው የምትመለሰው። ያን ቀን ግን የመንገዱን ሩብ እንኳ ሳትሄድ ቅልጥሟን እንደ ወስፌ ወጋት። ጥርሷን ነክሳ ጥቂት እርምጃ ሮጠች። አልሆነም። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እግሯን በሁለት እጇ ያዘች፤ እዚያው ብቻዋን አለቀሰች።

እያነከሰች ስትመለስ ከወትሮው ሰዓቷ በጣም ቀድማ ነበር። መጋዘኑ ጥግ ስትደርስ ያ ቡናማ ውሻ ጥርሱን ገልጦ ወጣባት። ሌላ ተከተለው። ሌላም። እንኳን ልትሮጥ፣ መራመድም አቅቷት ባለችበት ቆመች።

«መቻል! ና ወዲህ! እሷ ናት፣ አታውቃትም?»

ውሻው ጆሮውን ጣል አድርጎ ተመለሰ። ከመጋዘኑ ጓሮ ጋቢያቸውን የተከናነቡ፣ ዱላ የያዙ ሽማግሌ ብቅ አሉ። የመጋዘኑ ዘበኛ አያ ጌጡ ናቸው፤ ማታ ከሱቅ ስትመለስ እጅ የምትነሣቸው። ስድስት ውሾች ከበዋቸዋል። በግራ እጃቸው የተጠቀለለ እንጀራ ይዘዋል፤ ግማሹ ተቆርሷል።

«ምነው ዛሬ ቶሎ መጣሽ? ገና አልጨረስሁላቸውም እኮ» አሉ፣ እንደ መቆጣት ብለው።

ሠርካለም አልገባትም። «እነዚህ የማን ውሾች ናቸው አያ ጌጡ?»

«ያንቺ ናቸው እንጂ የማን ይሆናሉ? መጀመሪያ ሰሞን መቻል ሲያባርርሽ አይቼ ነበር። ድንጋይሽን ፈርቶ የሸሸ መሰለሽ? ከኋላሽ ይህን ዱላ አይቶ ነው የሸሸ።» ለራሳቸው ሳቅ አሉ። «ጾም ሲገባማ ባሰባቸው። እኔም ከእራቴ እያስቀረሁ፣ ዐሥር ሰዓት ሲሆን እዚህ ጓሮ እጠራቸዋለሁ። አንቺ አልፈሽ እስክትመለሺ እየቆረስሁ አቆያቸዋለሁ።»

ሠርካለም እጃቸው ላይ ያለውን እንጀራ አየችው። ከወር በላይ። በየሌሊቱ።

«ሌሊቱን ሙሉ የእርስዎ ተራ ነው?»

«እስከ ዘጠኝ ነው የእኔ። ከዘጠኝ በኋላ ባልደረባዬ ይረከበኛል። በፊት ከዚህ ተነሥቼ ቤተ ክርስቲያን ለኪዳን ጸሎት ነበር የምሄድ። አሁን አንቺን ሸኝቼ፣ አንቺን ተቀብዬ፣ በቃ ይነጋል።»

«ታዲያ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብዬ? አሠልጣኝ አላት ሲሉ ሰማሁ። በዚህ ሰዓት ሩጪ ያላት እሱ ነው ብዬ። የታዘዘ ሰው ተኚ ይባላል?»

«ማንም አላዘዘኝም አያ ጌጡ። እኔው ራሴ ነኝ።»

አያ ጌጡ ድንጋይ ላይ እንድትቀመጥ በዱላቸው አሳዩአትና እሳቸውም አጠገቧ ተቀመጡ። የቀረውን እንጀራ ለመቻል ጣሉለት።

«ፋርጣ ገበሬ ሳለሁ ሁለት በሬዎች ነበሩኝ» አሉ። «አንዱ ልግመኛ ነው። ትንሽ ካረሰ ማሳው መሐል ዝርፍጥ ይላል። ብትገርፊው፣ ብትለምኚው አይነሣም። ሌላው፣ ዳልቻው፣ ግን ካልፈታሁት አያቆምም። ታዲያ አንድ ሰኔ ልግመኛው ሲተኛብኝ፣ የጎረቤት በሬ ተውሼ ከዳልቻው ጋር ጠመድሁ። ስድስት ሰዓት ላይ መፍታት ነበረብኝ። እርጥበቱ ሳያመልጠኝ ብዬ እስከ ዐሥር አረስሁ። ዳልቻው ዝም ብሎ ሳበ። ጎበዝ ነዋ። በማግሥቱ ግን ከበረቱ አልተነሣም።»

«ሞተ?»

«ሞተ። ልግመኛው አርጅቶ ሞተ፣ ጎበዙን እኔ ገደልሁት። ልግመኛ በሬ ጅራፍ ይፈልጋል፤ ጎበዝ በሬ የሚፈታው ሰው ነው የሚፈልግ።» ወደ እግሯ ተመለከቱ። «አንቺ የሚፈታሽ የለሽም ወይ?»

ሠርካለም ብቻዋን የምትሮጥ ይመስላት ነበር። ለካ ማርያማዊት ውኃውን ስትቀዳ፣ እኚህ ሰው እራታቸውን ሲቆርሱ፣ ሁሉም አብረዋት ኖረዋል፤ እሷ ብቻ ናት ያላየችው። አፍራለች። ከኀፍረቱ ይልቅ ግን ደረቷን የሞላው ሌላ ነገር ነው፤ እንዲህ የሚያስብላት ሰው እንዳለ ማወቅ ብርዱን አስረሳት።

«እግዜር ይስጥልኝ አያ ጌጡ» አለች።

«እኔ ምን አደረግሁልሽ? መቻል ያመስግንሽ፤ ጾሙን በድሎት የሚያሳልፍ እሱ ነው።»

ዱላቸውን ሰጥተዋት በራቸው ድረስ ሸኟት። ስድስቱም ውሾች ተከትለው አደረሷት።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ የአባቷ ስንቅ ከጉና መጣ። ሠርካለም ከገብሱ ቆሎና ከበሶው ከፍላ፣ ማርያማዊት ሽሮ ወጥ ጨምራበት፣ ማታ ሁለቱም ወደ መጋዘኑ ወረዱ።

«ይሄ ለእርስዎ ነው፤ ለውሾቹ አይደለም» አለች ሠርካለም። «ከነገ ጀምሮ ኪዳንዎን ይሂዱ። እኔ አልመጣም።»

አያ ጌጡ ቆሎውን ዘገን አድርገው ቀመሱ። «የጉና ገብስ» አሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። «አባትሽን እግዜር ያቆይልሽ። አንቺንም ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ።»

ሰኞ ማለዳ ሜዳው ላይ ኮች ዳኛቸው ስም ጠርተው ሲጨርሱ ወደ ማርያማዊት ዞሩ። «እሺ፣ ትናንትስ አጥንታችሁ በጊዜ ተኛችሁ?»

ማርያማዊት አፏን ከፈተች። ሠርካለም ግን ቀደመቻት።

«ኮች፣ ከመሮጤ በፊት የማሳይዎት ነገር አለ።» ሣሩ ላይ ተቀምጣ የግራ ቱታዋን እስከ ጉልበቷ ሰበሰበች።

ኮች ተንበርክከው ቅልጥሟን በአውራ ጣታቸው ጫን ሲሉት ሳታስበው እግሯን ሳበች። ስለ ሌሊቱም፣ ስለ ገመዱም፣ ስለ ቁጭ ብድጉም አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ማርያማዊት መሬት መሬት እያየች «ይቅርታ ኮች» አለች።

«ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ» አሉ ኮች ዳኛቸው በመጨረሻ። «ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሩጫ የለም። ምርጫው ሊያመልጥሽ ይችላል፣ ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።» እንደምታለቅስ ጠብቃ ነበር። አላለቀሰችም።

«ማን መከረሽ?»

«አንድ ገበሬ» አለች ሠርካለም።

ማክሰኞ ሌሊት ዐሥር ሰዓት ላይ በልማድ ነቃች። ክፍሉ ጨለማ ነው። ጫማዋ ግድግዳው ላይ በምስማር ተንጠልጥሏል። እግሯ ገና ያማታል፤ ልቧም ተነሺ ተነሺ ይላታል። የሐሙሲቷ ልጅ አሁን ምን እየሠራች ይሆን ብላ አሰበች። እጇን ከብርድ ልብሱ አወጣች።

በዚህ መሐል ከወደ መጋዘኑ ውሻ ጮኸ። አንዱ ሲጀምር ሌሎቹ ተቀበሉት፤ ሰፈሩን በአንድ እግሩ አቆሙት። ከወር በላይ በዚህ ሰዓት ሰምታው የማታውቀው ድምፅ ነው።

ማርያማዊት በእንቅልፍ ልቧ ተገላበጠች። «ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ጩኸት?»

«ምንም አይደለም» አለች ሠርካለም። «አያ ጌጡ ኪዳን ሄደው ነው።»

እጇን መልሳ አስገባች፣ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮዋ ሳበችና ተኛች።