ባሏ «እትዬ» ሲላት

ዕድሜውን ሙሉ አንድ ትራስ የተጋራችውን ሚስቱን የረሳ ሰው፣ በወጣትነቱ ጥላው የሄደችውን ሴት እንዴት አይረሳም? መልሱን የሚያውቅ ካለ ለዚያች ምስኪን ይንገርልን!

ባልየው ልብስ ሰፊ ነበር። የደንበኛ ልክ ጽፎ አያውቅም፤ ሜትሩን አንዴ ትከሻ ላይ ካሳረፈ ዓመት ቆይቶም ያስታውሰዋል። ሚስቱ ቁልፍ እየተከለች፣ ካውያ እያጋለች ከጎኑ አረጀች። ልጅ አልወለዱም። «እኔና አንቺ ካለን ቤቱ ሞልቷል» ይላት ነበር። የልቡ ደም ሥሮች ጠበው ደረቱ ተከፍቶ ሲታከም፣ ከበሩ ውጭ ተንበርክካ የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይትረፍላት። ተረፈ! ግን ምን ዋጋ አለው... ዓይኑን ሲገልጥ ትክ ብሎ አያትና፣ «እትዬ፣ ቀጮን አይተዋታል?» አላት።

ቀጮ! የመጀመሪያ ሚስቱ!

«በዚህ ዕድሜ፣ እንዲህ ካለ ቀዶ ሕክምና በኋላ ግራ የሚጋቡ አሉ እናቴ» አላት ሐኪሙ። «አብዛኞቹ ይመለሳሉ፤ የማይመለሱም አሉ። አይከራከሩት። የሚያውቀው ሰው ከአጠገቡ አይጥፋ።»

«ታዲያ ከእኔ በላይ ማንን ያውቃል?» አለች።

ወሬው ደርሷት ቀጮ ከዘራ ተደግፋ ሆስፒታል መጣች። ሚስትየው በሩ ላይ ገተር ብላ ቆመች። የመጣችው ፀጉሯ የሸበተ፣ ጉልበቷ የከዳት አሮጊት ነበረች፤ በእሷ ዓይን ግን የሃያ ዓመት ኮረዳ! ቅናት መቼ ሰው ያስረጃል?

«ልወስደው አልመጣሁም እህቴ። ከጠራኝ ሁለት ቃል ላናግረው ብዬ ነው።»

«ለቀብሩ እጠራሻለሁ!» ብላ በሩን ዘጋችባት። ቀጮ ስልክ ቁጥሯን ለነርሷ ትታ እያነከሰች ሄደች።

ቤት ከገቡ በኋላ ባሰበት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ አንጀቷን የሚቆርጠው ጨዋነቱ ነው። ስትገባ ከወንበሩ ይነሳላታል፣ «ይቀመጡ» ይላታል። መድኃኒቱን ስታቀርብለት ግን ከንፈሩን ይገጥማል። «ይቅርታ እትዬ፣ ከማላውቀው ሰው እጅ አልውጥም። ቀጮ ስትመጣ ትሰጠኛለች።» ክኒኑ ከተቋረጠ ልቡ እንደማይከርም ሐኪሙ አስጠንቅቋታል። አባበለችው፤ አለቀሰች፤ በመጨረሻ እንደ እሳት እየለበለባት፣ «እኔ ነኝ እኮ ቀጮ» አለችው።

ባልየው ሜትሩን አነሳና ወገቧን ለካት። ፈገግ አለ። «የእኔዋ ከዚህ ግማሹን ብትሆን ነው። አይቀልዱብኝ እትዬ።»

ወይ መከራ! ከነርሷ ቁጥሩን ተቀብላ በእንባ በራሰ ጣቷ ጻፈች፦ «እህቴ፣ አፌን በቆረጠው። ነይና መድኃኒቱን አንቺ ስጪው። ካልሽ እኔ እወጣለሁ።»

ላከችው። በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ ደጅ ደጁን ስታይ ዋለች። «ብርድ ይመታዎታል» አለና ባሏ ኮቱን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገላት። ለእንግዳ ሴት የሚደረግ ደግነት ነበር...

ሳምንት ሳይሞላ ልቡ ቆመ። ለቀስተኛው ሁሉ «ዕጣ ፈንታው ነው» እያለ አጽናናት፤ እሷ ግን ዕጣ ፈንታ ያን በር የዘጋውን የራሷን እጅ ይዞ እንደመጣ ታውቃለች። ስልኳን አሁንም በየደቂቃው ታነሳለች። መልእክቱ ደርሷል፤ ተነቧል። ከቀጮ ግን አንድም ቃል አልመጣም።