የአዳነ ጉንጉን ክር

«ዛሬ ዓሣ የለም፤ ይመለሱ እመቤቴ» አለ ወጣቱ፣ ከተቀመጠበት ድንጋይ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት።

ዋና ሳጅን አሰለፈች በዕረፍቷ ቀን ተጠርታ ስለመጣች የለበሰችው የቤት ቀሚስና ሹራብ ነበር። የነቢያት ጾም ከገባ ወዲህ ከወገዳ ዓሣ ፍለጋ ወደ በሽሎ ወንዝ የሚወርዱ ሴቶች በዝተዋል፤ ወጣቱም ከእነዚያ አንዷ መስላዋለች።

«ዓሣ ፈልጌ አይደለም» አለች። «ስለሞተው ሰው ነው የመጣሁት።»

«ዘመዱ ነዎት?»

«ፖሊስ ነኝ።»

ወጣቱ ብድግ አለ። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠምጥሟል። «መልካሙ እባላለሁ፤ ወንድሙ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ፤ ዛሬ ልቤም ዓይኔም ከእኔ ጋር የለም።»

ሁለት ባልደረቦቿ ቁልቁለቱን እየተንሸራተቱ ደረሱ። መልካሙ መንገድ መራቸው።

አስከሬኑ ከወንዙ ዳር ካለች ሾላ ሥር በነጠላ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ራስጌው ላይ እናቱ ወይዘሮ ብርነሽ ተቀምጠዋል፤ አያለቅሱም። ከጥላው ወጣ ብለው ቄስ ገብረ ሚካኤል መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሁለት ሌሎች ሰዎች ደግሞ እርስ በርስ ሳይተያዩ ከቋጥኝ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ከሟቹ ከአዳነ ጋር ዓሣ የሚያጠምደው ጓዴ፣ ሁለተኛው ከወገዳ መጥቶ ዓሣ የሚረከባቸው ነጋዴው ዋሴ ነው።

«ልጄ፣ አንችን ማድከማችን ነው» አሉ ቄሱ። «ነገሩ ግልጽ ነው። ያወጣነው ድንጋይ ከእጁ ጋር እንደታሰረ ነው። ሚስቱ ወለተ ሚካኤል በወሊድ ከሞተችበት ወዲህ ሰውም አያናግር ነበር።»

«ቀብሩስ አባ?»

ቄሱ መሬት መሬት አዩ። «ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁትም። በገዛ እጁ ነፍሱን ያጠፋ ጸሎተ ፍትሐት ተደርጎለት አይፈታም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም አይገባም።»

«ሚስቱ ከቅጥሩ ውስጥ ተኝታለች» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ። ድምፃቸው የሰለለ ነው። «ሕፃኑም ከእሷ ጋር ነው። እሱ ብቻውን ከውጭ፣ ከብት በሚረግጠው ሜዳ?»

በቆላው ሙቀት ሬሳ አይቆይም። ፀሐይ ሳትጠልቅ ከቅጥሩ ውስጥ ወይም ከቅጥሩ ውጭ መቃብር መቆፈር ነበረበት።

አሰለፈች ተንበርክካ ነጠላውን ገለጠች። በሟቹ ግራ አንጓ ላይ አረንጓዴ ክር ደጋግሞ ተጠምጥሟል። ከስስ ክሮች የተጎነጎነ ነው፤ ውፍረቱ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። ሌላኛው ጫፉ የበግ ግልገል የሚያህል ድንጋይ ላይ ታስሯል። ጥምጥሙን በጥንቃቄ ከፍ አድርጋ ከሥሩ ያለውን ቆዳ አየች። ነጭና ለስላሳ ነው። ቋጠሮውን ስትነካው ተንሸራቶ ሊፈታ ደረሰ፤ እስካሁን ሳይፈታ የቆየው የሸሚዙ እጅጌ ቁልፍ ስለያዘው ነው። የክሩን ጫፍ ወደ ብርሃን አዞረችው፤ እንደታኘከ ሸንኮራ ተበጣጥሶ ተንጨፍርሯል። ከዚያ የሟቹን ጭንቅላት ቀና አድርጋ ከኋላ በኩል ያለውን ስንጥቅ ዳሰሰች።

«ወንዙ ከድንጋይ ጋር ሲያጋጨው ነው» አለ መልካሙ።

አሰለፈች ወንዙ እዚያ ወደሠራው ኩሬ ተመለከተች። ውኃው የረጋ ነው፤ የወደቀች የሾላ ቅጠል እንኳ ከቦታዋ አትንቀሳቀስም። ከዳር በኩል፣ ጥልቀት በሌለው ሥፍራ፣ ጣት የማያህሉ የዓሣ ግልገሎች ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፍፈዋል። ከድንጋዮቹ መሐል የተወቀጠ ፍሬ ዝቃጭ ቀርቷል። በጣቷ አንሥታ አሸተተችው።

ወደ ቋጥኙ ሄደች።

«ትናንት እዚህ ማን ማን ነበር?»

«አገሩ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው» አለ ጓዴ። ሲናገር ከንፈሩ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የፊት ጥርስ የለውም። «ሰው የሚባል እኛው ነን። አዳነና መልካሙ፣ እኔ፣ ይኼም ሆዳም ነጋዴ።»

«ሆዳም ያልከኝ የምትበላበት ጥርስ ስለሌለህ ነው» አለ ዋሴ።

«ጥርሴን በሬ ነው የወሰደው፤ አንተ ግን የሰው ላብ ነው ያወፈረህ። ሳጅን፣ በዚህ ድዴ የመንጠቆ ክር እንኳ መቁረጥ አቅቶኝ መልካሙ ነው የሚነክስልኝ። እንደ ሽማግሌ ቆጥሮ እየሳቀብኝ።»

«አስከሬኑን ያገኘኸው አንተ ነህ?»

የጓዴ ፊት ተለወጠ። «እኔ ነኝ። ጠዋት ስወርድ እግሩ ታየኝ። መጀመሪያ ግንድ መስሎኝ ነበር።»

«ትናንት ከአዳነ ጋር ተጣልታችሁ ነበር?»

«ከእሱ ጋር ማን ይጣላል? ስትሰድበው ዝም፣ ስታመሰግነውም ዝም። እንደዚያ የሚያበግን ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያናግረው፤ ብርብራ። ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ፍሬ ወቅጦ ውኃ ውስጥ የሚጨምር ካየ ያብዳል። ‹ትልቁንም ግልገሉንም ትፈጃላችሁ፤ ነገ ምን ልትበሉ ነው?› ይል ነበር።»

«ትናንት ብርብራ የጨመረ አለ?»

ጓዴ ወደ ኩሬው አየ። «እኔ ከቀትር በኋላ ለአጨዳ ወጥቻለሁ» አለ ቀስ ብሎ። «ስወጣ ውኃው ንጹሕ ነበር።»

ወደ ዋሴ ዞረች። «ክሩን የሸጥክለት አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ከባሕር ዳር ያስመጣሁት ነው። ሌላው ሁሉ ናይሎን ነው የሚገዛው፤ ርካሽ ነው። አዳነ ግን አንድ የገበያ ቀን ሙሉ ከሱቄ ደጃፍ ዋለ። ከሁለቱም ቁራጭ ለመነኝ፤ አረጠበ፣ ድንጋይ ላይ ፈተገ፣ ከምሰሶዬ ጋር አስሮ ጎተተ። ገበያተኛው ሳቀበት። ‹ናይሎን ይለጠጣል› አለኝ። ‹ዓሣው ሲነክስ ዘግይቶ ነው የሚነግረኝ፤ እስኪነግረኝ ዓሣው ከቋጥኝ ሥር ይገባል። ይኼ ግን አይለጠጥም፤ እንደ ገዛ ጣቴ ነው።› ድንጋይ ሲነካው ቶሎ እንደሚላላጥ ነገርኩት። ‹እሱን እኔ እጠነቀቃለሁ› ብሎ ወሰደው። ትልልቁን ብቻ ይዞ ትንንሹን ሊለቅ።»

«እንዴት ነው የሚቋጠረው?»

«ጣጣው እሱ ነው። ሙልጭልጭ ስለሆነ በናይሎን ቋጠሮ አይያዝም። መጀመሪያ ይታጠፋል።» ዋሴ ከኪሱ ቁራጭ ክር አወጣ፤ ዓይኑን ከፊቷ ሳይነቅል አጥፎ፣ አሹልኮ ቋጠረው። «እሱንም እንዲህ ነው ያሳየሁት። በእጅ መጠቅለልም አይሆንም፤ ሥጋ ይቆርጣል። እንጨት ላይ ነው የሚጠመጠመው።»

«ሊሞት ያሰበ ሰው እንዲህ አድርጎ ክር ይመርጣል?» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ ከሾላው ሥር።

አሰለፈች ጠዋት በሬ ገዝቶ ማታ ራሱን ያጠፋ ሰው በሥራዋ አይታለች። የእናትየው ጥያቄ ማስረጃ እንደማይሆን ታውቃለች፤ ይህንን ግን ልትነግራቸው አልደፈረችም።

የአዳነ ዕቃ ከሾላው ሥር ተቀምጧል። የክሩ መጠምጠሚያ እንጨት ላይ ምላጭ በወረቀት ተጠቅልሎ ተሰክቷል፤ ወረቀቱ ደረቅ ነው። እያንዳንዱ መንጠቆ በታጠፈ ክር ታስሯል።

«እጅህን ምን አገኘው?» አለችው መልካሙን።

«ማጭድ ነው። ትናንት ጠዋት ገብስ ሳጭድ።»

«እንዳያመረቅዝብህ» አለችና ከኮዳዋ ውኃ ሰጠችው። በግራው ተቀብሎ ሊከፍተው ሞከረ፣ አቃተው፤ መልሶ በተጠቀለለው ቀኝ እጁ ከፈተው።

ከዚያ ሁሉንም ሾላው ሥር ሰበሰበቻቸው። ባልደረቦቿ ከመልካሙ ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

«አባ» አለች፣ «ዛሬ የሚፈርዱት እርስዎ ነዎት፤ ስለዚህ ለእርስዎ ነው የምናገረው። ይህ ክር አይለጠጥም። በሕይወት ያለ ሰው ከድንጋይ ጋር ታስሮ ውኃ ውስጥ ቢገባ፣ ቁርጥ ብሎ የገባ እንኳ ቢሆን፣ ትንፋሽ ሲያጥረው ይንፈራገጣል። ያን ጊዜ ክሩ አንጓውን ይቆርጠዋል። ይዩት፤ ቆዳው አልተጫረም። አዳነ ሲታሰር ሞቶ ነበር። የሞተ ሰው ደግሞ ራሱን አያስርም።»

ቄሱ ዝቅ ብለው አዩ። ለረጅም ጊዜ አዩ። «እውነት ነው» አሉ።

«የገደለው የጭንቅላቱ ስንጥቅ ነው። ይህ ውኃ ሰው አያንከባልልም፤ ስለዚህ የተመታው ከዳር ሆኖ ነው። ያሰረው ማነው? ቋጠሮው የናይሎን ቋጠሮ ነው። አዳነ ይህን ክር ሳያጥፍ አስሮ አያውቅም። ዋሴም እጁ ሌላ አያውቅም፤ ዓይኑን ሳይጥልበት ነው አጥፎ የቋጠረው። በናይሎን የሚያጠምዱ ሁለት ሰዎች ቀሩ።»

ጓዴ ከንፈሩን ነከሰ፤ በድዱ።

«የክሩ ጫፍ ታኝኳል። የናይሎን ሰው ክር የሚቆርጠው በጥርሱ ነው፤ ናይሎን በአንድ ንክሻ ይበጠሳል። ይህ ግን አይበጠስም፤ ይታኘካል። አጠገቡ ምላጭ ነበረ፤ የነከሰው ሰው ግን አላወቀም፤ ወይም በድንጋጤ አላየውም። ጓዴ ደግሞ የሚነክስበት ጥርስ የለውም።»

ወይዘሮ ብርነሽ ገና አልገባቸውም ነበር፤ ወይም እንዲገባቸው አልፈለጉም። ዓይናቸውን ከአንዱ ወደ ሌላው ያዞራሉ።

«መልካሙ፣ ጨርቁን ፍታው» አለች አሰለፈች። «ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ሲያጭድ ማጭዱን በቀኙ ይይዛል፤ ገብሱን በግራው ይጨብጣል። ማጭድ የሚያገኘው ግራ እጅን ነው። አንተ ኮዳውን የከፈትከው በቀኝህ ነው፤ ቁስልህ ግን ቀኝ እጅህ ላይ ነው።»

አልፈታውም። አንደኛው ፖሊስ ፈታው። ስስ፣ ጥልቅ ቁርጥ አራቱንም ጣቶች ከውስጥም ከውጭም ዞሯቸዋል።

«ድንጋዩን ወደ ኩሬው ስትጎትት ክሩን እንደ ናይሎን በእጅህ ጠቀለልከው» አለችው።

መልካሙ እናቱን አላየም። «ገፋሁት እንጂ አልመታሁትም» አለ። «በብርብራ አንድ ቀን ሠርተን ጆንያ እንሙላ ብዬ ለመንኩት። ‹በዚህ ክርህ አንድ አንድ እያወጣህ እስከ መቼ?› አልኩት። እምቢ አለኝ። ሄጄ ጨመርኩ። ግልገሎቹ ሲንሳፈፉ አይቶ አንገቴን ያዘኝ። ገፋሁት። የቋጥኙ ጠርዝ ነው።»

«ራሱን አጠፋ ያስባልክስ ለምንድን ነው?»

«ሰው ሁሉ ሲጠብቀው ነበራ። ወለተ ሚካኤል ከሞተች ጀምሮ ‹ይኼ ልጅ አንድ ቀን› የማይል ማን ነበር? እኔ አዲስ ነገር አልፈጠርኩም።»

«ከሚስቱና ከልጁ ተለይቶ እንደሚቀበር አላሰብክም?»

«አስቤያለሁ» አለ።

ቄስ ገብረ ሚካኤል መቋሚያቸውን አነሡ። «ይፈታል» አሉ። «ከሚስቱ አጠገብ ይቆፈር።»

ጓዴና ዋሴ ቃሬዛ ለመሥራት እንጨት ፍለጋ ተነሡ። ወይዘሮ ብርነሽ ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም። አሰለፈች ጎንበስ ብላ ክንዳቸውን ልትይዝ ሞከረች፤ እጇን ገለል አደረጉት።

«አንዱን ቅበሩልኝ ነው ያልኩሽ ልጄ» አሉ። «ሌላውን ውሰጅልኝ አላልኩሽም።»

አሰለፈች ወደ ባልደረቦቿ ምልክት ሰጠች፤ መልካሙን አስነሥተው አቀበቱን ያዙ።

አዳነ በዚያው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ተፈትቶ ከወለተ ሚካኤልና ከሕፃኑ አጠገብ ተቀበረ። መልካሙ ተፈርዶበት ታሰረ፤ በሦስተኛው ዓመት እስር ቤት ውስጥ ታሞ ሞተ። እናቱ ስንቅ ይዘው በየወሩ ይመላለሱ ነበር፤ መሞቱን የሰሙት ከበሩ ላይ ነው። ስንቁን ለሌሎች እስረኞች ሰጥተው በእግራቸው ተመለሱ።