ፉርጎውን ያላስቆመው ክንድ

ሬሳው ከሐዲዱ ጫፍ ነጭ ጋቢ ለብሶ ተጋድሟል። ኢንስፔክተር ጌጤ ከአርብ ገበያ ከተማ ተነስታ ዳገቱን በእግሯ ስትወጣ መጀመሪያ ያየችው ጋቢውን ነው። የገበያ ቀን ስለሆነ መኪና አልተገኘም፤ ዐቢይ ጾም ስለሆነ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ በዚያ ላይ የበልግ ዝናብ መንገድ ላይ ይዞ ደብድቧታል። ደክሟታል። ድካሟ የዚያን ዕለት ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። ሰው በሞተ ቁጥር «ማን ገደለው?» ከማለት «የማን ተራ ነበር?» ማለት የሚቀል እስኪመስላት ድረስ በዚህ አገር ብዙ ሬሳ አይታለች።

ሟቹ ልመንህ ይባላል። ከኮረብታው ድንጋይ እየፈለጡ ለመንገድ ሥራ ከሚያቀርቡት የማኅበር አባላት አንዱ ነበር። የተፈለጠውን ድንጋይ ወደ ታች የሚያወርደው አንድ ፉርጎ ነው፤ ሐዲዱን ይዞ በራሱ ክብደት ይንደረደራል። ቁልቁለቱ መሐል ለጥ ያለ ቦታ አለ። ፉርጎው እዚያ ቆሞ፣ ታች ያለው ሰው እስኪፈቅድለት መጠበቅ አለበት። ለዚህ ሲባል ከሐዲዱ ጎን አንድ የብረት ክንድ ተተክሏል። ፉርጎው ሳይፈቀድለት ሊያልፍ ሲል፣ ክንዱ ከፉርጎው ሆድ ሥር የተንጠለጠለውን ማንሻ ይመታዋል፤ ያን ጊዜ ፍሬኑ በራሱ ወርዶ መንኮራኩሩን ያንቀዋል። ታች ያለው ሰው ሽቦ ሲስብ ክንዱ ይተኛል፣ ፉርጎውም ያልፋል። ሽቦውን ሲለቅ ክንዱ ተመልሶ ይቆማል። የታችኛው ሰው ልመንህ ነበር። ክንዱን አምኖ ሐዲዱ ላይ የወደቀ ጠጠር ሲጠርግ፣ ድንጋይ የጫነው ፉርጎ ከጀርባው መጣበት።

ክንዱን ያበጁት ጋሼ ተክለ ማርያም ናቸው። ዕድሜያቸውን ድሬዳዋ በምድር ባቡር ጋራዥ ፍሬን ሲጠግኑ ኖረው፣ በስተርጅና ወደ አገራቸው ጋይንት የተመለሱ ሰው ናቸው። ጌጤን ሲያዩ ሁለት እጃቸውን ዘረጉላት።

«እሰሪኝ ልጄ። የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የገደልኩትም እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ስትፈልጊ አትድከሚ።»

«ክንዱ ለምን አላስቆመውም?»

«እንጃ። ጠዋት ፈትሼዋለሁ፤ ደህና ነበር። አርጅቻለሁ እንግዲህ፤ አንድ ነገር አምልጦኝ ይሆናል።»

ከኋላቸው የሟቹ ሁለት ወንድሞች ጠመንጃቸውን በትከሻ አንግተው ቆመዋል። ዓይናቸውን ከጋሼ ላይ አልነቀሉም። ጌጤ ይህን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ሽማግሌው እዚህ ካደሩ አይነጋላቸውም። ለማሰር ሳይሆን ለማትረፍ ብላ አሰረቻቸው።

ከዚያ በፉርጎው ሆድ ሥር ተንበረከከች። ማንሻው ላይ የድንጋይ አቧራ የሸፈናቸው የቀደሙ ጭረቶች ነበሩ፤ አቧራውን የገፈፈ አዲስ ጭረት ግን አልነበረም። ሰዎቹንና አብሯት የመጣውን ኮንስታብል ይዛ ባዶውን ፉርጎ ወደ ለጡ ቦታ አስገፋችና ቀስ ብላ በክንዱ በኩል አሳለፈችው። ክንዱ ማንሻውን ቀጭ አድርጎ መታው፤ ፉርጎውም ቆመ። ልትፈታው ያልቻለችው ነገር ይኸ ነበር። ክንዱ ይሠራል፣ ማንሻው ይሠራል፣ ሰውየው ግን ሞቷል።

ሲገፉ ከነበሩት አንዱ ላቡን እየጠረገ ቀረባት። ድንጋይ ፈላጩ አዱኛ ነው። ከገበያ ወሬውን ሰምቶ እየሮጠ መጥቶ ሬሳውን ከፉርጎው ሥር ያወጣው እሱ ነው አሏት። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል።

«እታለም፣ ኮንስታብሉ ርቦታል፣ በርዶታልም። እሱ ይግባ፤ ሐዲዱን እኔ ስጠብቅ ልደር።»

«እግዜር ይስጥህ። ኮንስታብሉ ደመወዙ ለዚሁ ነው» አለችው።

በማግስቱ ቀብሩ እንዳለቀ ሰዎቹን አንድ በአንድ ታነጋግር ጀመር። ፉርጎውን ከላይ የለቀቀው ፈንታ የሚባል ጎልማሳ ነው። ዓይኗን ማየት አልቻለም።

«የእጅ ፍሬን የለህም?» አለችው።

«አለኝ።»

«ለምን አልያዝክም?»

«ክንዱ ያስቆመው የለ እንዴ! ክንዱ ከተተከለ ወዲህ ማን የእጅ ፍሬን ይይዛል? ለቅቄው ጀርባዬን እሰጣለሁ፤ እሱ ራሱ ይቆማል። ሁሉም ያውቃል።»

«ሁሉም ማለት ማን?»

«የማኅበሩ ሰው ሁሉ።»

«ዐርብ ጠዋት ክንዱ አጠገብ ማን ደረሰ?»

«ጋሼ ናቸው የፈተሹት። ከእሳቸው ወዲህ ማንም። አዱኛ አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ ሲወርድ ጭነቱ ተንሸራቶበት እዚያ አጠገብ አጎንብሶ ያስር ነበር፣ ያው መንገዱ ነው። ከሱ በኋላ ብዙ ጊዜ ፉርጎ አውርጃለሁ፤ ሁሉም ቆሟል። እኩለ ቀን ላይ ነው ያ የመዓት ፉርጎ ያመለጠ።»

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሙሉዓለም ደግሞ ስልኩን ከጆሮው ሳይለይ ነው ያናገራት።

«ኢንስፔክተር፣ እኔ ሲጀመር ይህን ሲስተም አልተቀበልኩትም። ሥራ ያዘገያል፤ ይነቀል ብዬ በስብሰባ ተናግሬያለሁ። ቁርጥራጭ ብረት ነው።»

«ትናንት አስቁሞታል፤ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እኔ ካላየሁ አላምንም።»

ጌጤ ተነፈሰች። ከጉረኛ ጋር መከራከር ከዳገት ይከብዳታል። ፉርጎውን እንደ ትናንቱ አስገፋችው። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ፉርጎው በክንዱ አጠገብ አለፈ፤ ምንም ቀጭ ያለ የለም። ሰዎቹ ሮጠው ባይይዙት ኖሮ ሊቀ መንበሩን ራሱን ይዞት በወረደ ነበር።

«አላልኩሽም?» አለ ሙሉዓለም፣ ከድንጋጤው መለስ ሲል።

ጌጤ አልሰማችውም። ወደ ኮንስታብሉ ዞራ «ማንም ነክቶታል?» አለችው። «ዝንብ አላስደረስኩም» ሲል ማለ። ሰዎቹን ሁሉ አሰናብታ ከክንዱ ሥር ተቀመጠች። ክንዱ ቆሟል፤ ግን ጫፉ ከትናንቱ በጣት ያህል ዝቅ ብሏል። ሳሩን በጣቶቿ ገለጥ ገለጥ አደረገችው። ያገኘችውን ባየች ጊዜ ደስ አላላትም። ይልቁንም ወደ ቤቷ ሄዳ መተኛት አማራት።

ወደ አርብ ገበያ ወርዳ የሄደችው ግን ቤቷ ሳይሆን ቆዳ ነጋዴ ዘንድ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሁሉንም እዚያው ሐዲዱ ዳር ሰበሰበቻቸው። የሟቹ ሚስት እመቤት ጥቁር ለብሳ ከድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ የባሏ ወንድሞች ከጀርባዋ ቆሙ፤ ጠመንጃቸውን ግን ኮንስታብሉ ተቀብሏቸዋል። ጋሼ ተክለ ማርያም እጃቸው እንደታሰረ መጡ። ፈንታ፣ ሙሉዓለምና አዱኛ ጎን ለጎን ሆኑ። የኔታ ቀለመ ወርቅ ከዚያው ከጋይንት ቤተ ልሔም ደብር በበቅሎ መጥተዋል፤ መስቀላቸው በእጃቸው ነው። ለምን እንደተጠሩ አልተነገራቸውም።

«ብዙ አላወራም፤ ደክሞኛል» አለች ጌጤ። «ዐርብ ዕለት ማንሻው ላይ አዲስ ጭረት አልነበረም። ስለዚህ ክንዱ አልመታውም። መትቶት አላቆመውም ብንል ኖሮ ጥፋቱ የጋሼ ይሆን ነበር። ግን ጭራሽ አልነካውም።»

«ተኝቶ ነበራ!» አለ ሙሉዓለም።

«ትንሽ ጎንበስ ብሎ ነበር። ጋሼ፣ ክንዱ ማንሻውን የሚነካው በምን ያህል ነው?»

«በጣት ስፋት» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ በላይ ካደረግሁት ማንሻውን ይሰብረዋል።»

«እንግዲያው በጣት ስፋት ዝቅ ማለት ሰው ለመግደል ይበቃል። ዐርብ ጠዋት ደህና ነበር፤ እኩለ ቀን ላይ ዝቅ አለ፤ ዝናቡ ከዘነበ በኋላ ተመልሶ ተነሳ። ቅዳሜ ቀትር ላይ ደግሞ ዝቅ አለ፤ ኮንስታብሉ አጠገቡ ቆሞ፣ ማንም ሳይነካው። ሲረጥብ የሚላላ፣ ፀሐይ ሲመታው የሚሳብ ነገር ምንድን ነው? እናንተ አራሾች ናችሁ፤ እኔም የገበሬ ልጅ ነኝ። ንገሩኝ።»

ሁሉም አወቀ። ሞፈርና ቀንበሩን በእርጥብ የቆዳ ጠፍር ጠፍንጎ ፀሐይ ላይ ያላሰጣ ማን አለ? ጠፍሩ ሲደርቅ ሰው ከሚያጠብቀው በላይ ያጠብቃል።

ጌጤ ከቦርሳዋ አንድ ጠፍር አወጣች። ረጅም ነው፣ ተገምዷል፣ ዳልቻ ጠጉሩም አልረገፈም። «ከክንዱ አንገት ወደ ሐዲዱ እግር ታስሮ፣ በሳር ተሸፍኖ ነበር። ጠዋት ሲያስሩት ልል ነው፤ ክንዱን አይነካውም። ፉርጎውም ይቆማል፣ ሰውም ያምናል። ከዚያ ፀሐይ ሥራዋን ትሠራለች። ያሰረው ሰው ያን ጊዜ የትም መሆን ይችላል። ቢፈልግ መቶ ምስክር በሚገኝበት ገበያ መሐል።»

ፈንታ ቀስ ብሎ ዞረና አዱኛን አየው።

«ጠፍሩ ይሸት ነበር» አለች። «ከብቱ ከሞተ ሳምንት አልሆነውም። በዐቢይ ጾም ደግሞ በዚህ አገር በሬ የሚያርድ ክርስቲያን የለም። ስለዚህ ያልታረደ፣ በራሱ የሞተ ከብት ፈለግሁ። የማን በሬ ነው በዚህ ሳምንት ገደል የገባው?»

«የኔ ነው» አለ አዱኛ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «ማንም ያውቃል። ቆዳውን ዐርብ ገበያ አውጥቼ ሸጥኩት። ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ነጋዴውም ያስታውስሃል፤ ከዳሩ ጠፍር ተተልትሎ ስለመጣ አማርሮብሃል።» ኮንስታብሉ ዳልቻውን ቆዳ መሬት ላይ ዘረጋው። ጌጤ ጠፍሩን ውኃ ውስጥ ነክራ አላልታው ነበርና፣ ጎንበስ ብላ ከተተለተለው ዳር ጋር አጋጠመችው። ጠጉሩ ከጠጉር፣ ጠባሳው ከጠባሳ ገጠመ። እመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች።

«ልመንህን ምን አድርጎኝ እገድለዋለሁ?» አለ አዱኛ። «ወንድሜን መግደሉን አልክድም፤ ታስሮበት ወጣ። ታርቀናል። በመስቀል ታርቀናል! የኔታ ይመስክሩ።»

«የኔታ፣ መሐላው እንዴት ነበር?» አለች ጌጤ።

ሽማግሌው መምህር ዓይናቸውን ጨፈኑ። «‹እጄን አላነሳበትም፤ ብረት አልመዝበትም፤ ሰው አልልክበትም› ብሎ ነው የማለው። እኔው ነኝ ያስማልኩት።»

«አዱኛ፣ ይህን መሐላ ዛሬም ትደግመዋለህ?»

«ስንት ጊዜ!» አለና ሳያመነታ መስቀሉን ተሳለመ። ሦስቱንም ቃል በየተራ ደገመ፤ ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። የሟቹ ወንድሞች ተያዩ። በዚህ አገር እንዲህ የሚምል ሰው ንጹሕ ነው።

«አሁን ደግሞ ‹ጠፍሩን አላሰርኩም› ብለህ ማል።»

አዱኛ እጁን ወደ መስቀሉ ዘረጋ። እጁ ግን መንገድ ላይ ቀረ።

«እጄን አላነሳሁበትም» አለ በመጨረሻ፣ አሁን ቀስ ብሎ። «ብረት አልመዘዝኩም። ሰው አልላክሁም። ጠፍሩን የጎተተው ፀሐይ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የኔታ፤ በየቀኑ ድንጋይ እያቀበልኩት፣ በየቀኑ እየሳቀ... ግን መሐላዬን አልጣስኩም። ጠብቄዋለሁ አይደል?»

የኔታ ቀለመ ወርቅ ዕንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። «እኔ ያስማልኩት እጅህን አልነበረም፣ ልጄ» አሉና መስቀሉን ወደ ደረታቸው መለሱት።

ኮንስታብሉ አዱኛን ይዞ ወረደ። ጌጤ የጋሼ ተክለ ማርያምን እጅ ፈታች። ሰንሰለቱ አንጓቸው ላይ ሰምበር ጥሏል፤ ማየቱ አሳፈራት። እመቤት መጥታ ከእግራቸው ሥር ወደቀች።

«ይቅር ይበሉኝ አባባ፤ በርስዎ ነበር የጨከንኩት።»

«ተነሽ፣ ተነሽ ልጄ። እኔም በራሴ ጨክኜ ነበር።» ደግፈው አነሷት።

ጌጤ ቀና ስትል የሟቹን ወንድሞች አየች። ዓይናቸው ተይዞ የሚወርደውን አዱኛን አልተከተለም። ከሐዲዱ ማዶ ቆሞ የሚያለቅሰውን የአዱኛን ታናሽ ወንድም ያያሉ። ሌላ ዳገት፣ ሌላ ጋቢ ታያት። ጋሼ ተክለ ማርያምም አይተዋል።

«ጋሼ፣ ክንዱን መልሰው ይተክሉታል?» አለቻቸው።

«እተክለዋለሁ። ፈንታም የእጅ ፍሬኑን ይይዛል» አሉ፣ ዓይናቸውን ከወንድማማቾቹ ሳያነሱ። «ግን ልጄ፣ ክንዱ የሚያስቆመው ሰው ረስቶ የለቀቀውን ነው። ቂሙን ላልረሳ ሰው የሚሆን ክንድ እኔ መሥራት አልችልም።»