የእኔ ክኒን፣ የዛኪር ረክሻ

«ይቺ ልጅ አትወልድም» ይሉ ነበር እትዬ ዘምዘም። የወሎ ልጆች ሆነን እዚህ ሱዳን፣ ዴም በሚባል ሰፈር የተከራየናት ክፍል ታላቅ እሳቸው ናቸው። ሳምንቱን በየመዳሞቻችን ቤት ስናገለግል ከርመን ጁምዓ ስንሰበሰብ ወሬያቸው ይጠብቀኛል። ሻይ ሲቀዱ ይሉታል፤ ልብስ ሲያሰጡ ይሉታል። «በየወሩ እንደ ምጥ የሚያንከባልል ህመም፣ ማህፀኗ ቢበላሽ ነው እንጂ።»

«በኔ ማህፀን ላይ ማን ዘብ አቆመዎት እትዬ?» እላቸዋለሁ።

ምላሴ አያንስም። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ አረብኛ ማንበብ የለመድኩት ካፉሪ ሰፈር በምሠራበት ቤት የልጆቹን መጽሐፍ አቧራ ስጠርግ ነው። ያ ህመም ሲመጣ ግን ምላስም ንባብም አይረዳም።

ዛኪርን ያገኘሁትም በዚያ ህመም ነው። ከሐፍላው፣ ከአውቶቡሱ፣ ስወርድ ወገቤና ሆዴ ባንድ ላይ ተያዙ፤ መንገዱ ዳር ቁጭ አልኩ። አንድ ረክሻ፣ ያገራችን ባጃጅ፣ አጠገቤ ቆመ።

«ያላ፣ ግቢ» አለኝ ሹፌሩ።

«ማን ጠራህ?»

«ፊትሽ።»

ገባሁ። በዚያ ጉድጓድ በበዛበት መንገድ እንቁላል የጫነ ይመስል ይነዳል። ከኋላ ጡሩንባ ይነፉበታል፤ ዞር አይልም።

«ምን ያንፏቅቅሃል?» አልኩት ጥርሴን ነክሼ።

«ጉድጓዱ በነካሽ ቁጥር ስትጮሂ እየሰማሁ ነዋ።»

«አልጮህኩም።»

«እሺ፣ ረክሻው ነው የጮኸው።»

እየታመምኩ ሳቅሁ። በመስታወቱ አየኝ፤ አየሁት፤ ሁለታችንም ቶሎ ብለን ወደ መንገዱ ዞርን። ከዚያ ወዲያ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ልቤ ከእኔ ቀድሞ ከሐፍላው ይወርድ ጀመር።

«ጥርሴን ሲያመኝ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ» አለኝ አንድ ቀን። «ያንቺ ምን ስለሆነ ነው ወገብ በሻሽ ታስሮ የሚታለፈው?»

ወሰደኝ፤ ውጭ ቆሞ ጠበቀኝ። ሐኪሟ ሱዳናዊት ናት።

«ሥራ የሚያስጥል ህመም የሴት ዕጣ አይደለም፤ በሽታ ነው» አለችኝ። የማህፀን የውስጥ ሽፋን የመሰለ ነገር ከማህፀን ውጭ ሳይበቅል አይቀርም አለች፤ በየወሩ እሱም ያብጣል፣ ይደማል። ማስታገሻውን ህመሙ እስኪበረታ ሳልጠብቅ፣ ገና ሲጀምር በልቼ እንድውጥ፣ ሆዴን በሙቅ ውሃ እንድይዝ ነገረችኝ። የእርግዝና መከላከያ ክኒንም አዘዘችልኝ፤ ደሙንና ህመሙን እንዲያበርድ።

«እወልዳለሁ?» አልኳት።

«የሚቸገሩ አሉ፤ ብዙዎቹ ግን ይወልዳሉ። ከአሁኑ አትወልጂም የሚልሽን አትስሚ።»

ህመሙ ጨርሶ አልጠፋም፤ ግን ቆሜ የምችለው ሆነ። ካፉሪ ወለል ስወለውል ማንጎራጎር ጀመርኩ። ዛኪርም በሰፈሩ የሚከበሩትን አያ ሀሰንን ሽማግሌ አድርጎ ወደ ክፍላችን ላከ።

እትዬ ዘምዘም ያን ጠዋት መርፌ ፍለጋ ሻንጣዬን ከፍተው ክኒኑን አግኝተው ኖሯል። በሽማግሌው ፊት ዘረጉት። «ያላገባች ልጅ ይህን ምን ታደርገዋለች?»

አያ ሀሰን ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

ከሰዓት በኋላ፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ፣ ዛኪር መጣ። «እውነት ነው?»

«ለህመሜ ነው» ብለው ይበቃው ነበር። ኩራቴ ቀደመኝ። «እውነት ነው። የእርግዝና መከላከያ ነው። የቀረህን ሐፍላ ጣቢያ ጠይቅ፤ እዚያ ሁሉም ያውቀኛል።»

ረክሻውን አስነስቶ ሄደ። ሆዴ ሳይሆን ደረቴ ታመመ፤ ለዚህ ደግሞ ክኒን የለም።

በሚቀጥለው ጁምዓ ጣቢያው ላይ አልነበረም። በእግሬ ክፍላችን ስደርስ ረክሻው በር ላይ ቆሟል። አያ ሀሰን ከውስጥ ተቀምጠዋል፤ ዛኪር አንድ የክኒን ካርቶን ይዟል።

«ሦስት ቀን ተናድጄብሻለሁ» አለኝ፣ ሁሉም እየሰማ። «ከዚያ ሐኪምሽ ጋ ሄድኩ። ያንቺን ጉዳይ አልናገርም ብላ አባረረችኝ፤ ክኒኑ ለወር አበባ ህመምም እንደሚሰጥ ግን ነገረችኝ። ፋርማሲስቱ ‹ለማን ነው?› ሲለኝ ለሚስቴ አልኩት።»

«ማን ሚስትህ አደረገኝ?»

«ይኸው አያ ሀሰንን አምጥቻለሁ፤ ዛሬ ሻያቸውን ይጨርሳሉ።»

«ካልወለድኩስ?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ከወለድሽ ረክሻው ላይ እንጠጋጋለን። ካልወለድሽ ተንፈላሰን እንሄዳለን። አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት ፋሪሃ።»

ስድቤን ትቼ የአያ ሀሰንን ሻይ ራሴ ቀዳሁ።

ኒካሑ በታሰረ ማግስት ከስልክ ቤት ሆኜ ወደ ከሚሴ፣ ለእናቴ ደወልኩ። ዛኪር ትከሻው ትከሻዬን እየነካ ጆሮውን ወደ እጀታው አስጠግቷል። እናቴ እልል ብላ፣ አልቅሳ፣ «ጤናሽስ?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ህመሙን፣ ክኒኑን፣ አትወልድም የተባልኩትን።

ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«እኔም እኮ እንዲሁ ነበርኩ ልጄ» አለችኝ። «ስድስታችሁን የወለድኩት ከዚያው ህመም ጋር ነው። አግብቼም፣ ወልጄም አልተወኝ። ለልጅ የሚነገር አልመሰለኝም።»