ለዓይነ ስውሩ የተሰጠ ድምፅ

ዓይነ ስውሩ አደን ሰሌኑ ላይ እንደተኛ ሞቶ አደረ። ኢንስፔክተር ለተማርያም ከጅግጅጋ ደምበል ስትደርስ፣ ከአፍደም በእንግድነት የመጣው ታናሽ ወንድሙ ዐብዲወሊ ቀብሩን አስቁሞ ይጠብቃት ነበር።

«ገዳይዋ ይቺውና» አላት፣ የሟቹን ምራት ነስራን በከዘራው እያመለከተ። «ልጁ ከሞተ ወዲህ ሽማግሌው ሸክም ሆኖባታል። የስኳር መርፌውን ራሱ ሲወጋ ሰምቻለሁ፤ እኔ ስተኛ እሷ ደገመችለት።»

ለተማርያም ወደ ዐብዲወሊ ዞረች።

«እራት አብራችሁ በላችሁ?»

«እነሱ ቀድመው በልተው ነበር። ለእኔ አቀረበችልኝ።»

የጤና ጣቢያው ባለሙያ ሽመክት መርፌውን ወደ ብርሃን አነሣው። «አዲስ ነው፤ ትናንት ነው የሰጠኋቸው። የጎደለው የአንድ ጊዜ መጠን ብቻ ነው። መጠኑን የሚነግራቸው ይህ ከራስጌያቸው ያለው የሚናገር መሣሪያ ነው፤ በሶማልኛ ይጠይቃል፣ መልሱን ይሰማል፣ ድምፁን ያስቀምጣል።»

«ሐኪም ቢያጡልን ሳጥን ላኩልን!» አለ ዐብዲወሊ።

ለተማርያም ማድ ቤት ገባች። የዱቄቱ ጆንያ ተገልብጦ ተራግፏል። ከትንሿ የገንፎ ድስት አጠገብ አንድ ሳህን ተደፍቷል።

«ነስራ፣ ገንፎው ለስንት ሰው ነበር?»

«ሁላችንም ጠግበናል» አለች ነስራ፣ ዓይኗን ሳታነሣ።

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰብስባ መሣሪያውን ከፈተች። ጎረቤቶችም ከአጥሩ ወዲያ ቆመው ያዳምጣሉ።

«አዴር አደን፣ እራት በልተዋል?» አለ የትናንት ማታው የመሣሪያው ድምፅ፣ እንደ አጎት አክብሮ።

«አልሐምዱሊላህ፣ ጠግቤአለሁ» አለ የሟቹ ድምፅ።

«እንግዲያው ሙሉውን መጠን ይውሰዱ።»

«ሁለተኛ መርፌ የለም» አለች ለተማርያም። «ያ መጠን ግን ባዶ ሆድ ላይ ይገድላል። ጆንያው ባዶ ነው፤ ድስቷ ከአንድ ሰው በላይ አታጠግብም፤ የበሉትም እርስዎ ነዎት፣ ዐብዲወሊ። መሣሪያው ጮክ ብሎ ሲጠይቅ አጠገባቸው ነበሩ። እንግዳው እየበላ ‹እኔ አልበላሁም› የሚል አባወራ እዚህ አገር አለ?»

ዐብዲወሊ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «ነስራ፣ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ብነግርዎ ገንፎው ይወርድልዎ ነበር?»

«ነፃ ነሽ» አለቻት ለተማርያም።

«ምነው ባሰሩኝ። ክብሩን ጠብቄለት ነበር፤ አሁን ቤቱ ባዶ እንደነበር ጎረቤት ሁሉ ሰማ።»

ሽመክት ጉሮሮውን ጠረገ። «ከእንግዲህ ሕመምተኞች ጥያቄውን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ እንዲሰሙ እናደርጋለን።»

«አልበላሁም ቢልስ ኖሮ፣ ምን ይለው ነበር?» አለች ነስራ።

«እስኪበሉ መርፌውን ይተዉት ይል ነበር።»

«እስከ መቼ?»

ሽመክት መሣሪያውን አጠፋ። ወንዶቹ ቃሬዛውን አነሡ።