ከሦስተኛ ፎቅ የጠፋው ጠዋት

ጡረተኛው አናጢ በሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሥራ አንደኛው አልጋ ላይ ፊቱ አብጦ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ተጋድሟል። የገደለው ፔኒሲሊን ነው። ፔኒሲሊን እንደማይስማማው ደግሞ ከአሥራ አንድ ቀን በፊት፣ እዚሁ ፎቅ ለሁለተኛ ጊዜ ለምርመራ ሲመጣ፣ ኮምፒውተር ላይ ተመዝግቧል፤ ከስሙ ጎን ቀይ ምልክት አለ። መርፌውን የወጋችው ነርስ ግን ምልክቱን አላየሁም ትላለች።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩ እስኪጣራ አልጠበቀም። ሬሳው ሳይነሳ የነርሷን የስንብት ደብዳቤ አሳተመና «በቸልተኝነት ነፍስ ያጠፋች» ብሎ ለፖሊስ አስረከባት። ይህ ሰው የተቀደደ አንሶላ ለማስቀየር ሦስት ፊርማ የሚጠይቅ ነው። ሰው ለማሳሰር ሲሆን አንድ ፊርማ በቃው፤ የራሱ።

የተላከችው መርማሪ ባልደረቦቿ «ወስፌ» የሚሏት አጭር ሴት ነበረች። በቅድሚያ ነርሷን አነጋገረች።

«ሲስተር፣ ቀዩ ምልክት ይኸው፣ ስክሪኑ ላይ አለ።»

«አሁን አለ! ሦስት ሰዓት ላይ አልነበረም። በልጆቼ እምላለሁ!»

«ልጆችሽን ተያቸው። ሰውየውን አልጠየቅሽውም?»

«ትኩሳቱ አስቶት ነበር እኮ። ሴት ልጁም ገና አልደረሰችም ነበር። ወግቼ ስጨርስ እዚሁ ኮምፒውተር ላይ ጻፍኩት።»

ወስፌ ፈለገች፤ የመርፌው መዝገብ የለም። የአሥራ ሁለተኛውን አልጋ ከፈተች፤ የጠዋቱ ሙቀት ባዶ ነው። አሥራ ሦስተኛውም ባዶ። በሃያውም አልጋ ከሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት አንድ ፊደል አልሰፈረም። አልጋዎቹ ግርጌ በተንጠለጠሉት ወረቀቶች ላይ ግን የሁሉም ሙቀት በእጅ ተጽፏል።

«አንዲት ነርስ የአንድ ሰው መርፌ መጻፍ ትረሳለች እንበል» አለች። «ፎቅ ሙሉ ሰው ጠዋቱን ይረሳል?»

ምድር ቤት ወዳለው የማሽን ክፍል ወረደች። ቴክኒሻኑ ማሽኖቹ እንዳይግሉ በተለቀቀው ብርድ ካፖርቱን ደርቦ ተቀምጧል።

«ፎቅ ላይ ያለው ሰርቨር፣ የነርሶቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግለው ዋና ማሽን፣ በራሱ መዝገብ አይዝም፣ እትዬ። መዝገቡ ያለው እዚህ ማከማቻው፣ ድራይቩ ላይ ነው። የቱ ሰርቨር የቱን ድራይቭ እንደሚያይ የምናዘው በዚህ ፕሮግራም ነው። በግራ ሰርቨሩ፣ በቀኝ ድራይቩ፣ መሃል ላይ ሰርቨሩ ድራይቩን የሚያውቅበት ቁጥር።»

«ይሄ ‹ቅጂ› የሚለውስ?»

«የሦስተኛ ፎቅ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ለሙከራ የገለበጥነው። አዲሶቹ ዲስኮች ላይ ስለሆነ በጣም ፈጣን ነው።»

«ዛሬ የተነካ ነገር አለ?»

ቴክኒሻኑ የፕሮግራሙን የሥራ ታሪክ ሲከፍት ፊቱ አመድ መሰለ። ሁለት ሰዓት ከአሥር ላይ ሦስተኛ ፎቅ ከድራይቩ ተላቆ ከቅጂው ጋር ተገናኝቷል። አምስት ሰዓት ከሃያ ላይ ተመልሷል።

«እኔ አይደለሁም!»

«በማን ስም ነው የተገባው?»

«በሁላችንም! እኔ፣ ማሽኑን የተከለው የአቅራቢው ድርጅት ሰውዬና ሥራ አስኪያጁ በአንድ የይለፍ ቃል ነው የምንገባው። ‹ለእያንዳንድሽ ቁልፍ ላሠራ ነው እንዴ?› ብለው ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ከለከሉ።»

ወስፌ መሃሉን ዓምድ አየች። «ሁለተኛ ፎቅ ቁጥር ሁለት፣ አራተኛ ፎቅ ቁጥር አራት። ሦስተኛ ፎቅ ለምን ዜሮ ሆነ?»

«ቁጥር ካልሞሉለት ፕሮግራሙ ራሱ ዜሮ ይሰጠዋል። እኔና የአቅራቢው ሰውዬ ግን ሁልጊዜ የፎቁን ቁጥር እንሞላለን። ይኸው፣ ማሽኑ ላይ ለጥፈነዋል።»

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ውስጥ ጥርሱን እየጎረጎረ ተቀበላት።

«እህቴ፣ ነገሩ ግልጽ ነው።»

«እህትዎ አይደለሁም። የማሽኑ ክፍል መጨረሻ የገቡት መቼ ነው?»

«እኔ? ረግጬው አላውቅም። ብርዱ ጉንፋን ያስይዘኛል። ፕሮግራሙን ካስፈለገኝ ከዚሁ ወንበሬ እከፍተዋለሁ።»

«ዛሬ እንግዶች ነበሩዎት አሉ።»

«ከበላይ መሥሪያ ቤት። ሦስተኛ ፎቅ አስጎበኘኋቸው። መዝገቡ ጠቅ ሲያደርጉት ብልጭ! አፋቸውን ነው የያዙት።»

ሰባት ሰዓት ላይ ሁሉም ስብሰባ ክፍል ገቡ፦ ነርሷ በሁለት ፖሊሶች መሃል፣ ቴክኒሻኑ፣ የአቅራቢው ሰው፣ ሥራ አስኪያጁ። የሟቹ ሴት ልጅ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች።

«ሲስተር አልዋሸችም» አለች ወስፌ። «ጠዋት ያየችው የሁለት ሳምንት ቅጂ ነው። ቀዩ ምልክት የተመዘገበው ቅጂው ከተገለበጠ በኋላ ስለሆነ እዚያ የለም። የጻፈችውም የገባው ቅጂው ላይ ነው፤ ድራይቩ ሲመለስ ጠዋቱ ከፎቁ ጠፋ። ይህን ማድረግ የሚችሉት ሦስት ናቸው። ሁለቱ ቁጥር ሦስት ይሞሉ ነበር። የመለሰው ሰው ግን ልማዱን አያውቅም፤ ማሽኑ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ አያውቅምና። ፍጥነት የሚያስፈልገውም እንግዳ የጋበዘ ሰው ነው።»

«ግምት!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ሰውየው የሞተው አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ነው። ልጁ ‹አስመዝግበን ነበር›፣ ነርሷ ‹ምልክት አልነበረም› እያሉ ሲጮሁ ነገሩ ገብቶዎታል። ደብዳቤዋ የታተመው አምስት ሰዓት ሊሆን አምስት ሲቀረው፤ ድራይቩ የተመለሰው አምስት ከሃያ። መጀመሪያ ራስዎን አዳኑ። ሃያ አምስት ደቂቃ ሙሉ አሥራ ዘጠኝ በሽተኛ በአሮጌ መዝገብ ይታከም ነበር።»

የሟቹ ልጅ ወንበሯን ወደ ሥራ አስኪያጁ አዞረች።

ወስፌ ወደ ቴክኒሻኑ ዞረች። «ቅጂውን ከአንድ ትርፍ ሰርቨር ጋር አገናኝና እዚህ ስክሪን ላይ አሳየን።»

«አይሆንም!» ሥራ አስኪያጁ ከወንበሩ ተነሳ። «ምን ይከፍታል? ካላቀቅኩት ወዲያ ጠፍቷል እኮ!»

የቴክኒሻኑ ጣቶች ቁልፎቹን ነኩ፤ ስክሪኑ በራ። የአናጢው ስም ቀይ ምልክት የለበትም፤ ከሥሩ የነርሷ ጽሑፍ፦ ሦስት ሰዓት ከአምስት፣ ፔኒሲሊን።

ሥራ አስኪያጁ ቴክኒሻኑ ላይ አፈጠጠ። «ሲላቀቅ እንደማይጠፋ ለምን አልነገርከኝም?»

«የቆጨህ ይሄ ነው?» አለች የሟቹ ልጅ።

ነርሷ ከፖሊሶቹ መሃል ወጣች። «ወንድሜ፣ የአሥራ ዘጠኙን መዝገብ ከሁለቱም ድራይቭ አውጣልኝ። የማይስማማውን የወሰደ ሌላ ሰው ሊኖር ይችላል» ብላ ወደ ደረጃው ሮጠች።

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን አስተካከለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ፖሊሶቹን ለመነ። «በጓሮ በር ውሰዱኝ። እንግዶቹ ገና ምሳ አዳራሹ ውስጥ ናቸው።»

«በምሳ አዳራሹ አውጡት» አለች ወስፌ።